ሴፍቲኔት የረሃቡን ወር አሳጠረ፤ የልጆችን ቁመት ለምን አላስረዘመም?

አንድ የገጠር መምህር ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በምኖርበት ወረዳ ልማታዊ ሴፍቲኔት ከተጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እንደ ድሮው ሰው ቀዬውን ጥሎ ሲሰደድ አናይም። ስንዴው ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ብሩ ይመጣል። ነገር ግን ጤና ኬላ ላይ ልጆች በተለኩ ቁጥር ብዙዎቹ ቀንጭረዋል ይባላል። የመንግሥት የምግብ ድጋፍ በሰው ጤና ላይ በእርግጥ የሚያመጣው ለውጥ አለ ወይስ ሆድ ከመሙላት አያልፍም?»

መምህር፣ ጥያቄዎ ሁለት እውነቶችን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ስለሆነ አንዱን ይዤ ሌላውን ልጥል አልችልም። ሰው ቀዬውን ጥሎ መሰደዱ መቀነሱም እውነት ነው፤ ልጆቹ ለዕድሜያቸው አጭር መሆናቸውም እውነት ነው። በሥነ ምግብ ባለሙያነት በሴፍቲኔት ወረዳዎች በሠራሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ጥያቄ ከልማት ሠራተኞችም፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም፣ ከአርሶ አደሮችም ሰምቼዋለሁ። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ የተሠራው የቤተሰብን የእህል ጉድለት ለመሙላት ሲሆን ያንን ጉድለት በአብዛኛው አጥብቧል። የሕፃን ቁመት ግን የሚወሰነው በጎተራው ውስጥ ባለው እህል ብቻ አይደለም። እናቲቱ በምታገኘው ዕረፍት፣ ለሕፃኑ በሚቀርብለት የምግብ ዓይነት፣ በሚጠጣው ውኃና በተደጋጋሚ በሚይዘው ተቅማጥ ጭምር ይወሰናል። በፕሮግራሙ መመሪያ ውስጥ ለሕፃናት ዕድገት ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ የማምነው ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን ከጉልበት ሥራ የሚያሳርፈው አንቀጽ ነው፤ በአፈጻጸም ላይ ከሁሉ ይልቅ ችላ ሲባል ያየሁትም እርሱን ነው።

ሴፍቲኔት ከመጀመሩ በፊት የነበረውን አሠራር ማስታወስ ተገቢ ነው። በየዓመቱ የመኸር ምርት ከታየ በኋላ የተረጂዎች ቁጥር ይጠናል፣ ለለጋሾች ጥሪ ይቀርባል፣ ከዚያም መርከብ ይጠበቃል። እህሉ ወረዳው ሲደርስ ብዙውን ጊዜ በሬው ተሸጧል፣ ለዘር የተቀመጠው ተበልቷል፣ ጎልማሳው ሥራ ፍለጋ ሄዷል። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ የዕለት ደራሽ እርዳታ የሚሹት ሰዎች ከ13 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ዝናብ ቢመጣም ባይመጣም በየዓመቱ የሚራቡ መሆናቸው ጎልቶ ታየ። በየዓመቱ እንደሚራቡ ለሚታወቁ ሰዎች ድጋፉም በየዓመቱ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባዋል የሚለው ሐሳብ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መነሻ ሆነ። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ 2005፣ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ይዞ ተጀመረ፤ በኋላም እስከ 8 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩን እርስዎ በቅርበት ስለሚያውቁት አላረዝመውም። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ ለእያንዳንዱ የተመዘገበ አባል በወር አምስት ቀን ይሠራል፤ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል። ለዚህም በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ስድስት ወራት እህል ወይም ገንዘብ ይከፈለዋል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ለረጅም ጊዜ የታመሙ ሰዎች ሳይሠሩ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ።

ይህ ድጋፍ በረሃብ ላይ ያመጣው ለውጥ በሚገባ ተጠንቷል። ከ2006 እስከ 2010 ተመሳሳይ ቤተሰቦችን በተከታታይ የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው፣ ለአምስት ዓመት ክፍያ ያገኙ ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በዓመት ውስጥ የሚራቡበት ጊዜ በ1.29 ወር አጥሯል፤ የከብት ሀብታቸውም ጨምሯል። አንድ ወር ከሳምንት ማለት በቁጥር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነሐሴን ያለ እህል ያሳለፈ ቤት ግን ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። በዚያ ወር ማሳ ይታረማል፣ ተቅማጥ ይበረታል፣ እናቲቱ ራሷ አንድ ጊዜ በልታ ለልጆቿ ሁለት ጊዜ ታካፍላለች። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣም ተመራማሪዎች በገጠር የሚኖሩ እናቶችን በሰኔ ወር በስልክ ጠይቀው ነበር። በአጠቃላይ የምግብ ዋስትና የማጣት ዕድል በ11.7 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ሲል፣ በሴፍቲኔት በታቀፉት ዘንድ ግን ጭማሪው 2.4 ብቻ ሆኖ ተገኘ። በተጨማሪም የታቀፉት ቤተሰቦች ለሕክምናና ለትምህርት የሚያወጡትን ወጪ እንደሌሎቹ አልቀነሱም። ሕፃን ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ የሚያስፈልገው ብር በእጅ መኖሩ የጤና ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ሆድ ከመሙላት አያልፍም» የሚለው የድጋፉን ጥቅም አሳንሶ ማየት ይሆናል።

ይሁንና ያው የ2020 ጥናት አንድ ሌላ ነገርም አሳይቷል። በአጠቃላይ የእናቶችና የሕፃናት አመጋገብ ብዙ ባይናጋም፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ግን በግልጽ ቀንሶ ነበር። እህሉ ሲጠበቅ ወተቱና እንቁላሉ አልተጠበቁም ማለት ነው። የጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 38፣ በ2019 ደግሞ ወደ 37 ዝቅ ብለዋል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ሆኖም ከሴፍቲኔት የመጣ ነው ለማለት ማስረጃው አይፈቅድም። በዚያው ዘመን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ወደየቀበሌው ገብቷል፣ መጸዳጃ ቤቶች ተቆፍረዋል፣ ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ የእርሻ ምርትም ጨምሯል። ከ2008 እስከ 2012 ያለውን ጊዜ የመረመረውና የፕሮግራሙን ተጠቃሚዎች ከተመሳሳይ ሌሎች ቤተሰቦች ጋር ያነጻጸረው ጥናት ፕሮግራሙ በሕፃናት መቀንጨርም ሆነ መቀጨጭ (ክብደት ለቁመት ማነስ) ላይ ያመጣው የሚታይ ለውጥ እንደሌለ ደምድሟል። ይህን ውጤት መጀመሪያ ሳነብ እኔም እንደ እርስዎ ከፍቶኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ፕሮግራሙ ያላሰበውን ነገር አለማሳካቱን የሚያሳይ ሐቀኛ ልኬት ሆኖ አገኘሁት። በጊዜው በመመሪያው ውስጥ ስለ ሥነ ምግብ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነበር።

እስቲ ራሽኑን እንመልከተው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ማለት በቀን 500 ግራም ነው። ስንዴ ከሆነ ወደ 1,700 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ለዕለት ደራሽ እርዳታ እንደ መለኪያ የሚወሰደው 2,100 ስለሆነ፣ ከቤት ከሚገኘው ትንሽ ምርት ጋር ተደምሮ ጉልበትን ሊያቆም ይችላል። በዚህ ራሽን ውስጥ ግን ቫይታሚን ኤ የለም ማለት ይቻላል፤ ቫይታሚን ሲና ቫይታሚን ቢ 12 ጭራሽ የሉም። በስንዴው ውስጥ ያለው ብረትም ከእህሉ ገለባ ጋር ባለ ንጥረ ነገር ስለሚያዝ ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ነው። በ2015 በተጀመረው አራተኛው የፕሮግራሙ ምዕራፍ በወር 4 ኪሎ ጥራጥሬ እንዲጨመር መወሰኑ በእኔ እምነት ፕሮግራሙ ከተጀመረ ወዲህ በራሽኑ ላይ ከተደረጉት ማሻሻያዎች ሁሉ የላቀ ነው። ጥራጥሬ በስንዴ ውስጥ የሚያንሰውን የፕሮቲን ዓይነት ስለሚያሟላ፣ ክክና ስንዴ አብረው ሲበሉ እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሚሰጡት የተሻለ ገንቢ ምግብ ይሆናሉ። እናቶቻችን እንጀራን ከሽሮ ጋር ያጣመሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሚያሳዝነው የጥራጥሬ ግዢ በዘገየ ቁጥር የሚቀረው ጥራጥሬው መሆኑና ስንዴው ብቻውን መሰፈሩ ነው።

በወረቀት ላይ 15 ኪሎ የሆነው እህል በቤት ውስጥ 15 ኪሎ አይሆንም። አንድ የሥርጭት ቀን ከአንዲት እናት ጋር ከመጋዘኑ እስከ ቤቷ አብሬ ሄጄ ነበር። አምስት ቤተሰብ ስላላት የሚሰፈርላት 75 ኪሎ ነው። ከመጋዘኑ በር ሳትርቅ ለአህያ ኪራይ አንድ ጣሳ ሰፈረች። ክፍያው ሁለት ወር ዘግይቶ ስለነበር ከጎረቤት የተበደረችውን ሁለት ቁና መለሰች። ስማቸው ያልተመዘገበው አማቷ በራፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር፤ ለእርሳቸውም ሰጠች፤ ልትከለክላቸው የምትችልበት ወግ የለም። ለወፍጮ፣ ለጨው፣ ለበርበሬና ለላምባ የሚሆነውን ደግሞ ለገበያ አስቀረች። የቀረውን በዓይን ስገምተው ከ50 ኪሎ አይበልጥም ነበር። ይህን የምጽፈው እናቲቱን ለመውቀስ አይደለም። እያንዳንዱ ስፍር ትክክለኛ ምክንያት ነበረው፤ ለዘመድ ያካፈለችው እህልም ነገ በተራዋ የምትጠራው ዋስትናዋ ነው። ሆኖም በቢሮ ተቀምጠን የአንድ ሰው ድርሻ ይህን ያህል ካሎሪ ነው ብለን ስናሰላ ይህች ሴት በመንገድ ላይ ያደረገችውን ስሌት አንጨምርበትም።

በዚያው ቤት የ14 ወር ሴት ልጅ ነበረች። ክንዷ ሲለካ የመካከለኛ የምግብ እጥረት ምልክት ከሆነው ቢጫ መስመር ላይ አረፈ። ጠዋት የበላችው በስንዴ ዱቄት የተሠራ ቀጭን ሙቅ ነበር። በቤቱ አራት ዶሮዎች ነበሩ፤ እንቁላሎቻቸው ግን በእንስራ አጠገብ በገለባ ተቀምጠው የቅዳሜ ገበያን ይጠብቁ ነበር። ስምንት ኪሎ የምትመዝን ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ወደ 240 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ብርጭቆ ቢበዛ ብርጭቆ ተኩል ገደማ ነው። ያንን ቦታ ውኃ የበዛበት ሙቅ ከሞላው፣ በቤቱ 50 ኪሎ ስንዴ ቢኖር ለእርሷ ምንም አይጨምርላትም። እርሷ የሚያስፈልጋት ማንኪያ ላይ የሚቆም ገንፎ፣ በውስጡ የተፈጨ ባቄላ ወይም ምስር፣ ጠብታ ዘይት፣ ከተቻለ ደግሞ ከአራቱ ዶሮዎች የአንዷ እንቁላል ነው። በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል በዓይነትም በድግግሞሽም ቢያንስ ሊያገኙት የሚገባውን ምግብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ሴፍቲኔት በሌለበት ወረዳም፣ እህል በተረፈበት ወረዳም ያለ ችግር መሆኑን ልብ ይበሉ። ምዕራብ ጎጃምን የመሰለ ትርፍ አምራች አካባቢ ውስጥም የቀነጨሩ ልጆች ብዙ ናቸው።

ስለ ጾምም ሳላነሣ አላልፍም። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናት እንዲጾሙ አታዝም። ሆኖም በጾም ወራት እናቶች ለሕፃኑ ወተት ወይም እንቁላል ማዘጋጀት የሚተዉት ድስቱና ማንኪያው እንዳይነካካ ስለሚሰጉ ነው። አንድ ቄስ በሰንበቴ ላይ ለሕፃኑ የተለየች ድስት እንድትቀመጥ በግልጽ ሲመክሩ ሰምቻለሁ። በቀጣዩ ሳምንት በመንደሩ ሦስት እናቶች የሕፃን ድስታቸውን ለይተው አሳዩኝ። ከእኛ የአንድ ዓመት ትምህርት የእርሳቸው የአንድ እሑድ ቃል ይበልጥ ሠራ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ወደምለው ልምጣ። መቀንጨር የሚጀምረው ልጁ ከመወለዱ በፊት ነው። በእርግዝናዋ ጊዜ ድንጋይ የተሸከመች፣ ደም ያነሳት፣ ክብደቷ ያልጨመረ እናት የምትወልደው ሕፃን ሲወለድ ያነሰ ነው። ከወለደች በኋላም በማለዳ ወደ እርከን ሥራ ወጥታ እኩለ ቀን የምትመለስ ከሆነ፣ ጡት የሚጠባው ሕፃን በስድስት ዓመት እህቱ እጅ የላም ወተት በውኃ ተበርዞ ይሰጠዋል፤ ያ ውኃ ተቅማጥ ያመጣል፤ ተቅማጡ ያገኘውን ትንሽ ምግብ ያጥበዋል። ይህን ሰንሰለት ለመቁረጥ ነው አራተኛው ምዕራፍ ጊዜያዊ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚባለውን አሠራር ያጠናከረው። በዚህ ምዕራፍ ደንብ ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋ ከታወቀ ጀምሮ ልጇ 12 ወር እስኪሞላው ከጉልበት ሥራ ታርፋለች፤ ክፍያዋ ግን አይቋረጥም። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የምትንከባከብ እናትም እስኪያገግም ድረስ እንዲሁ። በምትኩ የእርግዝና ክትትል እንድታደርግና ስለ አመጋገብ በሚሰጠው ትምህርት ላይ እንድትገኝ ይጠበቃል፤ ሌሎች ሠራተኞችም ትምህርቱን የተከታተሉበት ጊዜ እንደ ሥራ ይቆጠርላቸዋል። ለሌሎች ሴቶችም የሥራው ጫና ከወንዶቹ ግማሽ እንዲሆን፣ በሥራ ቦታም የሕፃናት ማቆያ እንዲዘጋጅ ተደንግጓል።

ይህ ሁሉ በጽሑፍ ሲታይ ያማረ ነው። መስክ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። በሠራሁበት አንድ ወረዳ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሴት በትከሻዋ ድንጋይ ተሸክማ ስትወጣ አግኝቼ ለምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት። «ካልሠራሁ ስሜ ይሰረዛል» አለችኝ። የሥራውን ተቆጣጣሪ ስጠይቀው ከጤና ኬላ ማስረጃ አላመጣችም አለ። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ ማስረጃ እንድትጽፍ ማንም አልነገራትም ነበር። ሴትዮዋም እርግዝናዋን በአምስተኛ ወሯ አውጥታ መናገር ዓይን ያስገባል ብላ ፈርታ ነበር። አንዳቸውም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ግብርናው አንድ መዝገብ ይዟል፣ ጤናው ሌላ መዝገብ ይዟል፤ በሁለቱ መዝገቦች መካከል ያለውን መንገድ በእግሯ መሄድ የነበረባት ግን ሸክም የያዘችው ሴት ሆነች። ዕረፍቷን ያጣች ያቺ እናት በመጨረሻ የወለደችውን ልጅ ሲለኩት አጭር ቢሆን «ሴፍቲኔት አልሠራም» ብሎ መደምደም ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ለእርሷ መመሪያው ፈጽሞ አልደረሰምና።

በእህልና በገንዘብ መካከል ስላለው ምርጫ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ገበያ ቅርብ በሆነበትና ዋጋ በረጋበት አካባቢ ገንዘብ ይሻላል፤ እናቲቱ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ዘይት መግዛት ትችላለችና። ዋጋ ሲንር ግን ገንዘብ ይቀልጣል። በ2005 የአንድ ቀን ክፍያ 6 ብር ነበር፤ በ2008 ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም በዚያ ዓመት የእህል ዋጋ ከእርሱ ቀድሞ ስለሮጠ፣ በገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ ብዙ ሰዎች እህል ይሻለናል ማለት ጀመሩ። ክፍያው ከገበያ ዋጋ ጋር በየዓመቱ ካልተስተካከለ በመጀመሪያ ከማዕድ የሚጠፋው ጎመኑና እንቁላሉ ነው፤ እህሉ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ዋጋ መናር የሕዝብ ጤና ጉዳይም ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ ይህንኑ አመለካከት ያጠናክርልኛል። በሰሜናዊ ባንግላዴሽ ከ2012 እስከ 2014 በድሃ ቤተሰቦች መካከል በተደረገ ሙከራ፣ ምግብ ብቻ ወይም ገንዘብ ብቻ የተሰጣቸው ቤተሰቦች የተሻለ ቢበሉም የልጆቻቸው መቀንጨር አልቀነሰም። ገንዘቡ ከተከታታይ የአመጋገብ ትምህርት ጋር ሲሰጥ ግን መቀንጨር ከ7 የመቶኛ ነጥብ በላይ ቀነሰ። ትምህርቱ ብቻውን አይበቃም፤ እንቁላል ለመግዛት ብር የሌላትን እናት ስለ እንቁላል ማስተማር እርሷን ማሳፈር ነው። ብሩም ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካም ወገኖቻችን የሆኑ ብዙ እናቶች የሚያውቁት ዊክ የተባለው ፕሮግራም ድጋፉን ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአራሶችና ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወስኖ ይሰጣል፤ የሚሰጠውም በዝርዝር የተመረጠ ምግብ ነው። በ2009 ዝርዝሩ ተሻሽሎ አትክልት፣ ፍራፍሬና ያልተፈተገ እህል ከተጨመረበት በኋላ፣ በፕሮግራሙ ከታቀፉት ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት በ2010 ከነበሩበት ከመቶ 15.9 በ2014 ወደ 14.5 ወርደዋል። በዚያው አገር ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየአውራጃው በተለያየ ጊዜ የተጀመረውን የምግብ ኩፖን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ደግሞ፣ ድጋፉን በሕፃንነታቸው ያገኙ ሰዎች ጎልማሳ ሲሆኑ በደም ግፊት፣ በስኳርና በውፍረት የመያዝ አደጋቸው ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። ይህ ማለት ድጋፉ የሚያመጣው የጤና ለውጥ በበጀት ዓመቱ ሪፖርት ላይ ላይታይ ይችላል፤ ከ30 እና 40 ዓመት በኋላ በሆስፒታል ካርድ ላይ ግን ሊታይ ይችላል።

የማኅበረሰብ ሥራውም በራሱ መንገድ ጤናን ይነካል። ምንጭ ሲጎለብት ተቅማጥ ይቀንሳል፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ መንገድ ሲጠረግ ምጥ የያዛት ሴት በጊዜ ትደርሳለች። የተገላቢጦሽም አለ። አሁን የዓለም ጤና ድርጅትን በሚመሩት በዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም መሪነት በትግራይ ተደርጎ በ1999 የታተመ ጥናት፣ ለመስኖ በተሠሩ ትንንሽ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የወባ በሽታ ከሌሎቹ መንደሮች በሰባት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ያ ጥናት የታተመው ሴፍቲኔት ከመጀመሩ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ኩሬ ሲቆፈር ከመንደሩ መራቁን፣ አጎበር መከፋፈሉን፣ በዙሪያው ያቆረው ውኃ መፋሰሱን የሚጠይቅ የጤና ባለሙያ በዕቅዱ ላይ መቀመጥ እንዳለበት ያስተምራል። በብዙ ቀበሌዎች ይህ አይደረግም።

ድጋፉ ሰውን ያሳንፋል ስለሚባለው ብዙ አልልም። በተደጋጋሚ የተደረጉት ጥናቶች ለዚህ የሚሆን ጉልህ ማስረጃ አላገኙም፤ በወር 25 ቀን እርከን የሚሠራን ቤተሰብ ሰነፍ ማለትም ከባድ ቃል ነው።

ለእርስዎ ቀበሌ የሚሆን አንድ የተወሰነ ነገር ልጠቁም። መምህር እንደመሆንዎ መጠን ሰው ይሰማዎታል። በሚቀጥለው የማኅበረሰብ ሥራ ወቅት ከመጀመሩ በፊት፣ ማለትም በታኅሣሥ ወር፣ የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ሲሰበሰብ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የነፍሰ ጡሮችንና የአራሶችን ስም ዝርዝር ይዛ እንድትገኝ ይጠይቁ። ዝርዝሩ ለሥራው ተቆጣጣሪ በቀጥታ ይሰጥ፤ ሴቶቹ ወረቀት ፍለጋ አይመላለሱ። በየወሩም አዲስ የተለዩት ይጨመሩበት፤ እርግዝና ጥርን ጠብቆ አይመጣምና። ስሟ የተሰረዘባት ወይም እንድትሠራ የተገደደች ሴት ካለች የቀበሌው ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ ጉዳይዋን እንዲያይላት የመጠየቅ መብት አላት፤ ብዙዎቹ ሴቶች ኮሚቴው መኖሩን እንኳ ስለማያውቁ ማመልከቻውን የሚጽፍላቸው ሰው ቢያገኙ ትልቅ ነገር ነው። የጥራጥሬው ድርሻ በቀረበት ወርም ለምን እንደቀረና መቼ እንደሚተካ በስብሰባ ላይ ይጠየቅ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ትምህርት ቤትዎ ውስጥ ባዶ ክፍል ካለ ደግሞ በአቅራቢያው በሚሠራበት ወቅት ለሕፃናት ማቆያ እንዲሆን ቢፈቅዱ፣ የስድስት ዓመቷ እህትም ወንድሟን አዝላ ቤት ከመዋል ተርፋ እርስዎ ክፍል ትገባለች።